የቤት ውላችንን የጨረሰልን ጠበቃ ዳኛ ሆኖ ጠበቀኝ

ጥያቄ፦ «የምኖረው መካከለኛው ኢሊኖይ ውስጥ ባለች አነስተኛ ከተማ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ቤት ስንገዛ ክሎዚንጉን (የግዢውን ወረቀት ማጠናቀቂያ) የጨረሰልን አንድ የከተማችን ጠበቃ ነበር። ቆይቶ ስሙ ያለበት የምርጫ ሰሌዳ በየሰው ግቢ ሣር ላይ ተተክሎ አየሁ። ለከተማ ምክር ቤት ተወዳድሮ ተመረጠ። አሁን ደግሞ ገንዘቤን ተቀብሎ ጣሪያዬን ሳይጨርስ የጠፋ ሰው ከስሼ ወረቀቱ ሲደርሰኝ ዳኛው ያው ሰውዬ ሆኖ አገኘሁት! እኛ አገር ዳኛ ዳኛ ነው፣ ጠበቃም ጠበቃ። ይሄ ሕጋዊ ነው? ፖለቲካ ውስጥ የነበረ፣ ከተማውን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ በሐቅ ይፈርዳል? ልጄም ሕግ እየተማረች ነው። እሷም ዳኛ ለመሆን በዚህ መንገድ መሄድ አለባት?»

መልስ፦

አዎ፣ ሕጋዊ ነው። እንዲያውም በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ወደ ዳኝነት የሚወስደው የተለመደው መንገድ ይሄው ነው። ግን ገብቶኛል፤ የጠየቁኝ ሕጋዊነቱን ብቻ አይደለም። «የሚያውቀኝ ሰው እንዴት ይዳኘኛል?» ነው ያሉኝ። ጥያቄው የእርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎት። የዚህ አገር የሕግ ሰዎችም ከመቶ ዓመት በላይ ሲጨነቁበት ኖረዋል። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልዎት።

እኛ የምናውቀው ሥርዓት ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 81 መሠረት የፌዴራል ዳኞችን የሚሾመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ዕጩዎቹን የሚመርጠው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። ሕዝቡ ለዳኛ ድምፅ አይሰጥም። ዳኛ ሲባል የምናስበው ገና በወጣትነቱ ችሎት ገብቶ እዚያው ያደገ ሰው ነው። እዚህ ግን ዳኛ የሚወጣው ከጠበቆች መሐል ነው። በትንሽ ከተማ ደግሞ ስንት ጠበቃ አለ? አንዱ የከተማውን አስተዳደር ያማክራል። አንዱ የካውንቲው (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) ዐቃቤ ሕግ ይሆናል። አንዱ ምክር ቤት ይገባል። ሌላው ዳኛ ይሆናል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወንበር ይቀያየራሉ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለመረዳት አንድ ሰው ላሳይዎት። አገሩ ከእርስዎ ብዙም አይርቅም፤ ብሉሚንግተን፣ ኢሊኖይ። ስሙ ዴቪድ ዴቪስ ይባላል። (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ዴቪስ በ1815 ሜሪላንድ ውስጥ ተወለደ። ኦሃዮ በሚገኘው ኬንየን ኮሌጅ ተማረ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሌኖክስ በምትባል ከተማ አንድ ጠበቃ ቢሮ ተቀምጦ ሕግ አጠና። የዚያ ዘመን የሕግ ትምህርት በአብዛኛው እንዲህ ነበር፤ ከሠሪው ሥር ሆኖ ሙያ እንደመቅሰም ማለት ነው። ቀጥሎ ኒው ሄቨን ሄዶ ጥቂት ጊዜ ተማረ። በ1835 ወደ ኢሊኖይ መጣና ፒኪን ላይ ቢሮ ከፈተ። በዓመቱ ወደ ብሉሚንግተን ተዛወረ። እዚያ ጄሲ ፌል የሚባል ጠበቃ ነበር። ፌል ከጥብቅናው ይልቅ የመሬት ንግዱ ስለሳበው ደንበኞቹን ለዴቪስ አስተላለፈለት።

ዴቪስ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ከተማዋም ገና ጨቅላ ናት። ሥራው ምን ነበር? የዕዳ ማስከፈል፣ የመሬት ይዞታ፣ የውርስ ክርክር። በእርስዎ ከተማ ያለ ጠበቃ ዛሬም ከሚሠራው ብዙ አይለይም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ትልቅ ከተማ ያለ ጠበቃ ለኩባንያ ይሠራል። የትንሽ ከተማ ጠበቃ የሚሠራው ለሰው ነው። አባት ሲሞት ውርሱን ያጣራል። ልጅ ሲያገባ የቤቱን ወረቀት ይጨርሳል። ያ ልጅ ሰክሮ ሲነዳ ቢያዝ ደግሞ ፍርድ ቤት የሚቆምለት እሱ ነው። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲሠራ የከተማውን ግማሽ ያውቃል። ከተማውም ያውቀዋል፤ ቃሉን ይጠብቅ እንደሆነ፣ ሒሳብ ያጋንን እንደሆነ፣ ስልክ ይመልስ እንደሆነ። በምርጫ ቀን ሰው ድምፅ የሚሰጠው ይሄን አስቦ ነው። ፓርቲው ሁለተኛ ነው።

ዴቪስ በ1840 ለክፍለ ግዛቱ ሴኔት ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ1844 ለታችኛው ምክር ቤት ተመረጠ። በ1847 ኢሊኖይ አዲስ ሕገ መንግሥት ለመጻፍ ጉባኤ ስትጠራ እሱም ከተወካዮቹ አንዱ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ዳኞችን የሚመርጠው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ነበር። ዳኞች በሕዝብ ይመረጡ የሚለውን ሐሳብ ከደገፉት አንዱ ዴቪስ ነው። አዲሱ ሕገ መንግሥት በ1848 ሲጸድቅ ምርጫው ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ዴቪስ ራሱ ተወዳድሮ የስምንተኛው ሰርኪዩት ዳኛ ሆነ። አሥራ አራት ዓመት በወንበሩ ቆየ።

ሰርኪዩት ማለት ዙረት ነው። ስሙ ዛሬም ቀርቷል፤ የእርስዎ ጉዳይ ያለበት ፍርድ ቤትም «ሰርኪዩት ኮርት» ነው የሚባለው። ያኔ ግን ቃሉ በትክክል ዙረት ነበር። ዳኛው ከአንዱ ካውንቲ ወደ ሌላው እየዞረ ይዳኛል። የዴቪስ ሰርኪዩት መጀመሪያ ላይ አሥራ አራት ካውንቲዎችን ይዞ ነበር። አንዱ ዙር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሦስት ወር ያህል መንገድ ላይ ነው። ጭቃው፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ፣ የእንግዳ ማረፊያው መጥፎ ምግብ፤ ለሚስቱ ለሳራ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ይሄንን ሁሉ ያማርር ነበር።

ጠበቆቹም አብረውት ይዞሩ ነበር። ዳኛውና ጠበቆቹ አንድ ማረፊያ ያድራሉ። አንድ ገበታ ይቀርባሉ። ማታ ሲጨዋወቱ አምሽተው ጠዋት አንዱ ወንበር ላይ ይወጣል፣ ሌሎቹ ፊቱ ቆመው ይከራከራሉ። ጠበቆቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ አልጋ ላይ ሲተኙ ዴቪስ ግን ለብቻው ነበር። ክብደቱ 136 ኪሎ ያህል ስለነበረ ሌላ ሰው አይተርፈውም።

ከጠበቆቹ አንዱ ከስፕሪንግፊልድ የመጣው አብርሃም ሊንከን ነው። ሌሎቹ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እሱ ሙሉውን ዙር ከዴቪስ ጋር ይቆይ ነበር። ወዳጅነታቸው እዚያ ጠነከረ። ዴቪስ ሥራ ሲበዛበት ወይም ቤተሰቡ ጋ መሄድ ሲኖርበት ሊንከንን በወንበሩ ተክቶት ይሄድ ነበር። ዛሬ ይሄንን ሲሰሙ ምን ይላሉ? ትናንት ፊቱ ሲከራከር የነበረው ጠበቃ ዛሬ ዳኛ ነው፤ ነገ ተመልሶ ጠበቃ ይሆናል። ከእርስዎ ጉዳይ በብዙ የሚብስ ነው። ግን ያኔ ሰው እንደ ነውር አላየውም። ዳኛ ካልመጣ ችሎት ይቀራል፤ ችሎት ከቀረ ደግሞ ሌላ ስድስት ወር መጠበቅ ነው።

ደመወዙስ? የ1848ቱ ሕገ መንግሥት ለሰርኪዩት ዳኛ የመደበው በዓመት 1,000 ዶላር ነው። ዴቪስ ኑሮውን የገነባው መሬት በመግዛትና በመሸጥ ነው። በሚዳኝበት አካባቢ መሬት እየገዛ ሀብታም ሆነ። በ1872 ብሉሚንግተን ውስጥ ያሠራው ሠላሳ ስድስት ክፍል ያለው ቤት ዛሬ የክፍለ ግዛቱ ቅርስ ነው። ለጎብኚ ክፍት ስለሆነ አንድ ቅዳሜ ልጅዎን ይዘው ቢሄዱ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ፖለቲካው። በ1860 ሪፐብሊካን ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩውን ለመምረጥ ቺካጎ ተሰበሰበ። የሊንከንን ቡድን የመራው ዴቪስ ነው። ያን ጊዜ በወንበሩ ላይ ያለ ዳኛ ነበር! በመጀመሪያው ዙር የኒው ዮርኩ ዊሊያም ሲዋርድ 173 ተኩል ድምፅ አገኘ፤ ሊንከን 102። ዴቪስና ጓደኞቹ ግን ከምርጫው በፊት ከአንዱ ክፍለ ግዛት ልዑክ ወደ ሌላው እየሮጡ ሲያግባቡ አድረው ነበር። በሦስተኛው ዙር ሊንከን አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1862፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን ዴቪስን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ አድርጎ ሾመው።

እዚህ ላይ «ይኸው! ያልኩት ይሄንን ነው። ወዳጁን ሾመ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ወዳጁን ሾመ። ከዚያ የሆነውን ግን ይስሙ።

በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ላምብዲን ሚሊጋን የሚባል ሰው ተያዘ። እሱም የትንሽ ከተማ ጠበቃ ነው፤ ሀንቲንግተን፣ ኢንዲያና። የሊንከንን መንግሥት አጥብቆ የሚቃወም ሰው ነበር። በ1864 ወታደሮች ከቤቱ ወሰዱት። ወታደራዊ ችሎት አቅርበው ሞት ፈረዱበት። የኢንዲያና ፍርድ ቤቶች ግን አልተዘጉም፤ በራቸው ክፍት ነበር፣ ዳኞቹም በሥራ ላይ ነበሩ። ጉዳዩ በ1866 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ውሳኔውን የጻፈው ዴቪድ ዴቪስ ነው። ፍርድ ቤቶች ክፍት ሆነው በሚሠሩበት ቦታ ወታደር ያልሆነን ዜጋ በወታደራዊ ችሎት መዳኘት አይቻልም አለ። ሕገ መንግሥቱ በጦርነትም በሰላምም ለገዢውም ለተገዢውም እኩል ሕግ ነው ብሎ ጻፈ። እነዚያ ወታደራዊ ችሎቶች የተቋቋሙት በማን ዘመን ነው? በወዳጁ፣ በሾመው፣ ከሞተ ገና ሁለት ዓመት ባልሞላው በሊንከን ዘመን።

ሚሊጋን ተፈታ። ሀንቲንግተን ተመልሶ ጥብቅናውን ቀጠለ። ያሰሩትን ከስሶም በ1871 ረታ። የተፈረደለት ካሳ አምስት ዶላር ነው።

ዴቪስ ጻድቅ ነበር ልልዎት አይደለም። በ1872 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር ላይ እያለ አንድ የሠራተኞች ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ አድርጎት ነበር። የሊበራል ሪፐብሊካኖችንም ዕጩነት ለማግኘት ሞክሯል። እኔ እንደ ጠበቃ ይሄ ይከብደኛል። አንዱን ቀን የሕግ ትርጉም እየሰጠ፣ በሌላው ቀን ድምፅ ፍለጋ! በ1877 ደግሞ የ1876ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ አወዛጋቢ ሆኖ የሚወስን አሥራ አምስት ሰው ያለበት ኮሚሽን ተቋቋመ። ሰባቱ ለአንዱ፣ ሰባቱ ለሌላው ያደላሉ፤ አሥራ አምስተኛው ገለልተኛው ዴቪስ ይሆናል ተብሎ ነበር። ልክ በዚያ ሰሞን የኢሊኖይ ምክር ቤት ሴናተር አድርጎ መረጠው። እሱም ኮሚሽኑ ውስጥ አልገባም አለ። በምትኩ የገባው ዳኛ ከሪፐብሊካኖቹ ጋር ወገነና ነገሩ 8 ለ 7 አለቀ። አንድ የብሉሚንግተን ሰው በአንድ ወንበር ቢቀመጥ ኖሮ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማን ይሆን ነበር? እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርዎት ማለፍ አልችልም። ሊንከን በተገደለ ጊዜ ልጁ ሮበርት መጀመሪያ ቴሌግራም ካደረገላቸው ሰዎች አንዱ ዴቪስ ነው። ቶሎ ና፣ የአባቴን ጉዳይ ተረከብ አለው። ዴቪስ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ ሳለ ውርሱን እንደ ድሮው የትንሽ ከተማ ጠበቃ ቁጭ ብሎ አጣራ። ለወራሾቹ ሲያስረክብ ከ110 ሺህ ዶላር በላይ ሆኖ ነበር። የድካሙን ክፍያም አልወሰደም። አይተው ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ የተጠራው በወጣትነቱ ውርስ ሲያጣራ የኖረው ያው ሰው ነው።

የብሉሚንግተን አካባቢ ሌላም እንዲህ ያለ ሰው አፍርቷል። አድላይ ስቲቨንሰን ሜታሞራ በምትባል ትንሽ ከተማ በጠበቃነት ጀመረ። የፍርድ ቤት ሹም ሆነ፣ ዐቃቤ ሕግ ሆነ፣ ብሉሚንግተን ገባ፣ ኮንግረስ ሄደ። ከ1893 እስከ 1897 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። መሰላሉ ያው ነው። አብዛኛው ሰው ግን ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ደረጃ ላይ ይቆማል። የእርስዎም ዳኛ እንዲሁ።

አሁን የእርስዎ ፍርሃት ላይ ልምጣ። እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል? የዳኛ አድልዎ የውሃ ማነቅ ነው። አሜሪካኖቹም ቀስ በቀስ በጠበቃው፣ በዳኛውና በፖለቲከኛው መሐል አጥር ሠርተዋል። እያንዳንዱ አጥር አንድ ነውር ከታየ በኋላ የቆመ ነው።

ለምሳሌ ኦሃዮ ውስጥ የመንደር ከንቲባ እንደ ዳኛ ሆኖ ይቀጣ ነበር። ኖርዝ ኮሌጅ ሂል በምትባል ቦታ ኤድ ቱሜ የተባለ ሰው ያኔ የተከለከለውን አስካሪ መጠጥ ይዟል ተብሎ ከንቲባው ፊት ቀረበ። ከንቲባው 100 ዶላር ቀጣው። ከዚያው ጉዳይ ደግሞ ለራሱ 12 ዶላር አገኘ። ነፃ ብሎ ቢያሰናብተው ግን ምንም አያገኝም! ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1927 ይሄ ፍርድ አይደለም ብሎ ሻረው። ዳኛ ከፍርዱ ውጤት ትርፍ ሊኖረው አይችልም። የከንቲባ ችሎት ኦሃዮ ውስጥ ዛሬም አለ፤ ግን በዚያ ዓይነት ክፍያ አይደለም።

ሌላው የመጣው ከዚሁ ከኢሊኖይ ነው። ኬኔሶ ማውንቴን ላንዲስ የቺካጎ ፌዴራል ዳኛ ነበር። በ1920 የቤዝቦል ኮሚሽነር (የጨዋታው የበላይ ኃላፊ) ሆኖ ተቀጠረ። የዳኝነት ወንበሩን ግን አልለቀቀም። ከሁለቱም ይከፈለው ነበር። ጩኸቱ ሲበረታ በ1922 ከዳኝነቱ ለቀቀ። በ1924 የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የመጀመሪያውን የዳኞች የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ። ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው የቀድሞው ፕሬዚዳንት፣ በኋላም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ታፍት ነው። የቱሜንም ውሳኔ የጻፈው እሱ ነው።

ለእርስዎ የሚቀርበው አጥር ግን የ1970ው የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት ነው። ዳኛ ሙሉ ጊዜውን ለዳኝነት ይሰጣል ይላል። ጥብቅና መሥራት አይችልም። የከተማ ምክር ቤት ወንበር፣ የትምህርት ቤት ቦርድ ወንበር፣ በፓርቲ ውስጥም ሥልጣን ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ የእርስዎ ሰውዬ ዳኛ በሆነ ጊዜ የጥብቅና ቢሮውን ዘግቷል። የምክር ቤቱንም ወንበር ትቷል። ዴቪስ እንዳደረገው ከወንበሩ ሳይነሳ የወዳጁን የምርጫ ዘመቻ ልምራ ቢል ዛሬ የሚከሰስበት ቦታ አለ። ያው ሕገ መንግሥት በዳኞች ላይ የሚቀርብን አቤቱታ የሚመረምር ቦርድ አቋቁሟል።

አመራረጡም ይታወቅ። በኢሊኖይ የሰርኪዩት ዳኛ መጀመሪያ የሚመረጠው በፓርቲ ስም ተወዳድሮ ነው። በየግቢው ያዩት ዓይነት ሰሌዳ ለዳኛም የሚተከለው ለዚህ ነው። ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ከሰው ጋር አይወዳደርም። «ይቀጥል ወይስ አይቀጥል?» ተብሎ ብቻ ይጠየቃል። ለመቀጠል ከመቶ ስልሳ ድምፅ ያስፈልገዋል። ሌላም ዓይነት ዳኛ አለ፤ «አሶሺዬት ጀጅ» ይባላል። እሱን ሕዝቡ አይመርጠውም። የሰርኪዩቱ ዳኞች በድምፅ ይሾሙታል። ዘመኑ አራት ዓመት ነው። የእርስዎን ዓይነት ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ምርጫው ራሱ አደጋ እንዳለው አልሸሽግዎትም። ዳኛ ለመመረጥ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ገንዘብ የሚሰጠው ማን ነው? ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ 50 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ክፈል ተባለ። ይግባኙ ገና ሳይታይ የኩባንያው ኃላፊ አንድ ዕጩ ዳኛ እንዲመረጥ ለመርዳት 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል አወጣ። ሰውየው ተመረጠ። ጉዳዩ ሲመጣም አልነሳም ብሎ ተቀመጠና ለኩባንያው ወሰነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 ውሳኔውን ሻረው። ግን 5 ለ 4 ነበር። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ያች አንዲት ድምፅ ታስጨንቀኛለች። በ2015 ደግሞ ከፍሎሪዳ በመጣ ጉዳይ፣ ክፍለ ግዛቶች ዕጩ ዳኞችን ራሳችሁ በግል ገንዘብ አትለምኑ ብለው ሊከለክሉ እንደሚችሉ ወሰነ። እሱም 5 ለ 4። በኢሊኖይም ዕጩው ራሱ እጁን አይዘረጋም፤ ኮሚቴ ነው የሚሰበስብለት። ትንሽ ከተማ ውስጥ ማን እንደሰጠ መሰማቱ ግን አይቀርም።

ታዲያ ለምን ዳኛ ከሩቅ አያመጡም? አንዳንዱ ጉዳይ ላይ ያመጣሉ። ዳኛው ከባለጉዳዩ ጋር ቅርበት ሲኖረው ከሌላ ካውንቲ ይመደባል። ሁልጊዜ እንዲህ ቢሆን ግን ሌላ ነገር ይጎድላል። እኔ ራሴ ያየሁትን ልንገርዎት። አንድ ትንሽ ካውንቲ ችሎት ገብቼ ጉዳዬ ሊጀመር ሲል ዳኛው ከተቃራኒዬ ጠበቃ ጋር ድሮ አንድ ቢሮ ይሠሩ እንደነበር በግልጽ ተናገረ። «ቅሬታ ካላችሁ አሁን ተናገሩ፣ እነሳለሁ» አለ። ደንበኛዬን ጠይቄ ቀጠልን። ተረታን። ግን ያ ዳኛ የደንበኛዬን መንገድ፣ የጎርፉን ነገር፣ ቦዩ የት እንደሚዘጋ ሁሉ ያውቅ ነበር። የምከራከረው ነገር ገብቶት ነው የፈረደብኝ። ከቺካጎ የመጣ ሰው ግማሹን ላይረዳው ይችል ነበር። ትንሽ ከተማ ውስጥ ዳኛ ሰውን አለማወቅ አይችልም። ማድረግ የሚችለው የሚያውቀውን በአደባባይ ተናግሮ ምርጫውን ለባለጉዳዩ መስጠት ነው።

ስለ ልጅዎ። መንገዱ የሚመች ይመስለኛል፣ በተለይ ሰው ከወደደች። ሕግ ትምህርት ቤት ስትጨርስ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ወይም የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ገብታ ሁለት ሦስት ዓመት ብትሠራ በየቀኑ ችሎት ትቆማለች። ቀጥሎ የግል ቢሮ፣ ወይም የከተማ አስተዳደር ሕግ ክፍል። ፖለቲካው ግዴታ አይደለም። ምክር ቤት ሳይገቡ አሶሺዬት ዳኛ የሚሆኑ ብዙ ናቸው። ሰርኪዩት ዳኛ ልሁን ካለች ግን አንድ ቀን ስሟ ሣር ላይ መተከሉ አይቀርም። አንድ ነገር ልብ በሉ። ጠበቃ ለመሆን ዜግነት አያስፈልግም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 አንዲት የኔዘርላንድስ ተወላጅ ባመጣችው ጉዳይ ወስኖታል። በኢሊኖይ ዳኛ ለመሆን ግን ዜጋ፣ የጥብቅና ፈቃድ ያላት፣ የምትወዳደርበትም አካባቢ ነዋሪ መሆን አለባት። ወረቀቷ ካላለቀ ከአሁኑ ትጀምረው።

አሁን የጣሪያው ጉዳይ። ፍርሃትዎ ዳኛው ለጣሪያ ሠሪው እንዳያዳላ ነው። ሕጉ ግን ነገሩን ገልብጦም ያየዋል። ይህ ሰው የእርስዎ ጠበቃ ነበር! ሊፈራ የሚገባው ጣሪያ ሠሪው ሊሆን ይችላል። ከስምንት ዓመት በፊት ቤት ስላገዛዎት ብቻ ዳኛው የግድ ይነሳል ማለት አይደለም። ያኔ የሠራው ነገር ከአሁኑ ክርክር ጋር አይገናኝም። ለጣሪያ ሠሪው በዚሁ ጉዳይ ጠበቃ ሆኖ ከነበረ ግን መነሳት አለበት። ስለዚህ ጉዳዩ ሲጠራ መጀመሪያ ላይ በትሕትና ይናገሩ። «ክቡር ዳኛ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ቤት ስገዛ ጠበቃዬ ነበሩ፤ ተከሳሹም እንዲያውቀው እፈልጋለሁ» ይበሉ። ዳኛው ምናልባት ረስቶት ይሆናል። ተከሳሹንም ያውቀው እንደሆነ ያኔ ይናገራል።

ጨርሶ አላምነውም ካሉ ደግሞ ሌላ መብት አለዎት። በኢሊኖይ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ አንድ ባለጉዳይ ምክንያት ሳይሰጥ አንድ ጊዜ ዳኛ እንዲቀየርለት መጠየቅ ይችላል። ጊዜው ላይ ግን ይጠንቀቁ። ዳኛው በጉዳዩ ዋና ነገር ላይ ምንም ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ነው መጠየቅ ያለበት። አንዴ ከወሰነ በኋላ ምክንያት ማቅረብ ግድ ነው።

እባክዎ አንድ ነገር አያድርጉ። ሰውየውን ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቢያገኙት ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል እንዳያነሱ። እኛ ዘንድ አስቀድሞ ሰላም ብሎ ማስረዳት ጨዋነት ነው። እዚህ ግን ሌላው ወገን በሌለበት ዳኛን ስለ ጉዳይ ማነጋገር ክልክል ነው። ጉዳዩንም ሊያበላሽብዎት ይችላል። ሰላምታ ብቻ ሰጥተው ይለፉ።

የጠየቁት ገንዘብ ከ10,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ ጉዳዩ በስሞል ክሌምስ (በአነስተኛ ገንዘብ ክርክር ችሎት) ይታያል። ያለ ጠበቃም መከራከር ይችላሉ። ውሉን፣ የከፈሉበትን ቼክ ኮፒ፣ የጣሪያውን ፎቶ፣ የተላላካችሁትን መልእክት ሁሉ አትመው ሦስት ሦስት ኮፒ ይያዙ፤ አንዱ ለዳኛው፣ አንዱ ለተከሳሹ፣ አንዱ ለራስዎ። ሥራውን ለመጨረስ ምን ያህል እንደሚፈጅ ከሌላ ጣሪያ ሠሪ በጽሑፍ ያስገምቱ። ግምቱን የሰጠው ሰው ራሱ ቢመጣልዎት ደግሞ ይመረጣል። አስተርጓሚ የሚያስፈልግዎት ከሆነ ከቀጠሮው ቀደም ብለው ለሰርኪዩት ክለርኩ ቢሮ (ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) ይንገሩ። የዳኛ መቀየሪያውንም ጥያቄ የሚያስገቡት እዚያው መስኮት ነው።